የዶክቶር ማይክል ደቤኪ ጽሑፎች ስለ ልብ ቀዶ ሕክምናና ስለ ምግብ፤ የተቈጠረውና ያልተቈጠረው

አንድ የሳይንስ ሰው ምን ያህል እንደ ሠራ ለማወቅ ሲፈለግ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚታየው የጽሑፎቹ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ረዥም ከሆነ ሊቅ ይባላል፤ አጭር ከሆነ ስሙ ሳይነሣ ይታለፋል። ይህ ልማድ በተማሪዎችም ዘንድ እየተስፋፋ ስለ ሄደ የአንድ ስመ ጥር ሐኪም የጽሑፍ መዝገብ በምሳሌነት ቢመረመር ይጠቅማል በማለት ይህ ሐተታ ተዘጋጅቷል። ሐኪሙ በዩናይትድ ስቴትስ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት በሂዩስተን ከተማ ሲሠሩ የኖሩት ዶክቶር ማይክል ደቤኪ ናቸው። የጽሑፎቻቸው ቍጥር ከ1,000 በላይ ስለሆነ ሁሉን አንድ በአንድ መመልከት አይቻልም። ስለዚህ ስለ ልብና ስለ ደም ሥር ቀዶ ሕክምና፣ እንደዚሁም ስለ ምግብ ከጻፏቸው መካከል ጥቂቶቹ ተመርጠው አንድ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ጽሑፉ የቈጠረው ማንን ነው? ሳይቈጥር የቀረውስ ማንን ነው?

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ሰውዬው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። ዶክቶር ደቤኪ ከሊባኖስ ከፈለሱ ወላጆች በ1908 በሉዊዚያና ክፍለ ግዛት ሌክ ቻርልስ በተባለች ከተማ ተወለዱ። ሕክምናን በቱሌን ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1948 ሂዩስተን ወደሚገኘው ወደ ቤይለር የሕክምና ኮሌጅ ሄዱ፤ በ2008 በ99 ዓመታቸው እስኪሞቱ ድረስም ስማቸው ከዚያች ከተማ አልተለየም። ገና ወጣት ሳሉ ደም ለመስጠት እንዲያገለግል አሻሽለው በ1934 ያሳተሙት ተሽከርካሪ ፓምፕ፣ ዶክቶር ጆን ጊቦን በ1953 ልብ ከፍተው ኦፕራሲዮን ባደረጉ ጊዜ የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ የሠራው መኪና አንዱ ክፍል ሆኗል። ዳክሮን ከሚባለው ጨርቅ በሚስታቸው የልብስ ስፌት መኪና የሰፉት ሰው ሠራሽ የደም ሥርም በዓለም ሁሉ በሥራ ላይ ውሏል። በ1963 የላስከርን የሕክምና ሽልማት ተቀብለዋል። እንግዲህ የምንመረምረው የትንሽ ሰው ሥራ አይደለም፤ ሂሱም የሚጠቅመው ሥራው ትልቅ በመሆኑ ነው።

በመጀመሪያ ዶክቶር ደቤኪ ከሁሉ ይልቅ የተሳካላቸውን እንመልከት። አዎርታ የሚባለው ከልብ የሚነሣው ትልቁ የደም ሥር ግድግዳው ከውስጥ ሲሰነጠቅ፣ ደሙ በግድግዳው ንጣፎች መካከል እየገባ ይለያያቸዋል። ስንጥቁ ከልብ አጠገብ በሆነ ጊዜ ሕክምና ያላገኘ ሰው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ዶክቶር ደቤኪ ከዶክቶር ዴንተን ኩሊና ከዶክቶር ኦስካር ክሪች ጋር ሆነው ይህን ሕመም በቀዶ ሕክምና ማዳን እንደሚቻል በ1955 ጻፉ። በ1982 ደግሞ በዚህ ዓይነት የታከሙ 527 ሰዎችን እስከ ሃያ ዓመት ድረስ ተከታትለው ውጤቱን አሳተሙ። እዚህ ላይ የተቈጠሩት ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው ብቻ ናቸው፤ ሳይታከሙ ከቀሩት ጋር ጎን ለጎን የሚያነጻጽር ቡድን የለም። ነገር ግን ጉድለት ነው ለማለት አያስደፍርም። ሳይታከም የቀረው ሰው ዕጣ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ታውቋልና፣ ሞት በደጅ ቆሞ ሳለ የዳነው ሰው ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ዶክቶር ደቤኪ ራሳቸው በ2005 መጨረሻ በዚሁ ሕመም ተይዘው በ2006 በ97 ዓመታቸው፣ ሲያስተምሩት በኖሩት ኦፕራሲዮን ድነዋል።

ሕመሙ ቀስ ብሎ የሚሄድ በሆነ ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወደ አንጎል ደም የሚወስደው የአንገት ደም ሥር በስብ ሲጠብ ሰውዬው በስትሮክ ሊመታ ይችላል፤ ሳይመታ ብዙ ዓመት ሊኖርም ይችላል። ዶክቶር ደቤኪ በኦገስት 1953 ይህን የደም ሥር ከፍተው የተጋገረውን ነገር ጠርገው አወጡ። የዚያን ሕመምተኛ ታሪክ ከ19 ዓመት ክትትል ጋር በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ያወጡት በ1975 ነበር። አንድ ሰው ኦፕራሲዮን ተደርጎለት 19 ዓመት መከታተሉ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ሆኖም ያ ሰው ኦፕራሲዮን ባይደረግለት ኖሮ ስንት ዓመት ይኖር እንደ ነበረ ከዚህ ሊታወቅ አይችልም።

ለዚህ ጥያቄ ተገቢው መልስ የተገኘው በ1991፣ ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን 38 ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ዓመት በሰሜን አሜሪካ በብዙ ሆስፒታሎች በአንድነት የተደረገ ጥናት፣ የአንገታቸው ደም ሥር ከ70 እስከ 99 በመቶ የጠበበባቸውን 659 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን መድኃኒት ብቻ፣ ለሌላው መድኃኒትና ኦፕራሲዮን ሰጠ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሥራቸው በጠበበበት ወገን ስትሮክ የመታቸው፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት መካከል 26 በመቶ፣ ኦፕራሲዮን ከተደረገላቸው መካከል 9 በመቶ ሆነው ተገኙ። በዚህ መሠረት ዶክቶር ደቤኪ በ1953 የጀመሩት መንገድ ትክክል ነበር። ነገር ግን ያው ጥናት በ1998 ባወጣው ተጨማሪ ውጤት፣ የደም ሥራቸው ከ50 በመቶ በታች ለጠበበባቸው ሰዎች ኦፕራሲዮኑ ጥቅም እንደሌለው አሳየ። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት ጥቅም ሳያገኙ የተቀደዱ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። እነዚህን ሰዎች ከዳኑት ለይቶ ሊያሳይ የሚችል የአንድ ቀዶ ሐኪም መዝገብ አልነበረም፤ ምክንያቱም በመዝገቡ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት መልክ ይዘው ደኅና ሆነው ወደ ቤታቸው የሄዱ ናቸው።

ስለ ልብ ደም ሥሮች የተጻፈውም እንዲሁ ትምህርት ይሰጣል። በኖቬምበር 1964 በሂዩስተን ዶክቶር ኤድዋርድ ጋሬት ከዶክቶር ደቤኪ ጓዶች ጋር ሆነው የአንድ ሕመምተኛ የልብ ደም ሥር ሊጠርጉ ገብተው ሳለ፣ የታሰበው አልሆን ሲል ከእግሩ ደም መልስ ሥር ቈርጠው ከአዎርታ ወደ ልቡ ደም ሥር አሻገሩለት። ሕመምተኛው ዳነ። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የወጣው በ1973፣ ማለት የሰባት ዓመት ክትትል ከተደረገ በኋላ ነው። በዚህ መካከል በክሊቭላንድ ይሠሩ የነበሩት አርጀንቲናዊው ዶክቶር ሬኔ ፋቫሎሮ ይህንኑ አሠራር በ1967 ጀምረው በ1968 አሳተሙ፤ ዓለምም የተማረው ከእርሳቸው ነው። አንዳንዶች ዶክቶር ደቤኪ ቀዳሚ መሆናቸው ተዘነጋ ብለው ይቈረቈራሉ። በእኔ አስተያየት ግን ያልተጻፈ ሥራ ለሌላው ሐኪምና ለሌላው ሕመምተኛ እንዳልተሠራ ይቈጠራል። ከ1,000 በላይ ጽሑፍ ባለው መዝገብ ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት የጐደለው ይህ አንድ ጽሑፍ፣ ከታተሙት ከብዙዎቹ ይልቅ ይፈለግ የነበረ ነው።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። የዚህ ሐተታ ዋና ነገር ያለው እዚህ ነው። በዚያው በ1964 ዶክቶር ጋሬት፣ ዶክቶር ደቤኪና ሌሎች ሁለት ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት አንድ ጥናት አወጡ። የደም ሥራቸው በስብ የተደፈነ 1,700 ሕመምተኞችን የኮሌስትሮል መጠን ለክተው፣ በኮሌስትሮሉ ብዛትና በበሽታው ዓይነትና ስፋት መካከል ቍርጥ ያለ ግንኙነት አላገኘንም አሉ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይህ ጽሑፍ ስብ የበዛበት ምግብ ልብን አይጐዳም ለሚሉ ሰዎች የጦር መሣሪያ ሆኗል። ትልቁ የልብ ሐኪም ራሱ ኮሌስትሮል ምንም አይደለም ብሏል እያሉ ይጠቅሱታል።

ጽሑፉ ግን ይህን አላለም። የተቈጠሩት 1,700 ሰዎች ሁሉ አስቀድመው የታመሙ ናቸው፤ ጤነኛ ሰው በመካከላቸው አልገባም። ነገሩን ከአገራችን በተወሰደ ምሳሌ እንየው። አንድ ተማሪ ወደ ቆላ ወርዶ በጤና ጣቢያ የተኙትን የወባ ሕመምተኞች ብቻ ሰብስቦ፣ ቤታችሁ ከረግረጉ ምን ያህል ይርቃል ብሎ ቢጠይቅና ለረግረጉ ቅርብ የሆነው ከሩቁ ይልቅ ትኩሳቱ እንዳልበረታበት ቢያገኝ፣ ረግረግ ከወባ ጋር ግንኙነት የለውም ብሎ ለመጻፍ ይችላልን? አይችልም። ያልታመሙት ቤታቸው የት እንደሆነ አልጠየቀምና። የ1964ቱ ጥናት የመለሰው ጥያቄ ‹ከታመሙት መካከል ይበልጥ የታመመው ማን ነው?› የሚለውን ነው። ‹ማን ይታመማል?› የሚለውን ጥያቄ ሊመልስ የሚችለው ጤነኞችን መዝግቦ የሚጠብቅ ጥናት ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ጥናት በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት በፍሬሚንግሃም ከተማ በ1948 ተጀምሮ 5,209 ወንዶችና ሴቶችን እየተከታተለ፣ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ ሰዎች በልብ ሕመም ይበልጥ እንደሚጠቁ በ1961፣ ከሂዩስተኑ ጽሑፍ ሦስት ዓመት አስቀድሞ አሳትሞ ነበር።

የታመሙትን ብቻ መቈጠር ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለትም አይደለም። በስካንዲናቪያ አገሮች ተደርጎ በ1994 የታተመው ጥናት የልብ ሕመም ያለባቸውን 4,444 ሰዎች ብቻ ወስዶ በዕጣ ከከፈላቸው በኋላ፣ ግማሾቹ ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ሲምቫስታቲን የተባለ መድኃኒት፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን ኪኒን እንዲውጡ አደረገ። ከአምስት ዓመት ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ ሲከታተላቸው መድኃኒት ካላገኙት 256፣ ካገኙት 182 ሞቱ። ሕመምተኞቹ በሂዩስተን ከተቈጠሩት ጋር ተመሳሳይ ሕመም ያላቸው ናቸው፤ ልዩነቱ በሕመምተኞቹ መካከል ዕጣ መጣሉና ሁለተኛ ወገን መኖሩ ነው። ይህ አንድ ልዩነት ከብዙ መቶ ጽሑፍ ይበልጣል።

የዶክቶር ደቤኪ አሳብ ከ1964 በኋላ ወዴት እንደ ሄደ መከታተል አንባቢን ሊያስገርም ይችላል። በ1983 ከዶክቶር ጆሴፍ ሜልኒክና ከሌሎች ጋር ላንሴት በተባለው መጽሔት በወጣ ጽሑፍ፣ ከሕመምተኞች የደም ሥር ግድግዳ ተወስደው ባደጉ ሴሎች ውስጥ ሳይቶሜጋሎ የተባለው ቫይረስ ምልክት እንደ ተገኘ ተገለጠ። በ1987 የታተመው ተከታይ ጥናት ኦፕራሲዮን ያስፈለጋቸውን ሰዎች ኦፕራሲዮን ካላስፈለጋቸው ጋር ስላነጻጸረ በአሠራሩ ከ1964ቱ የተሻለ ነው፤ ቢሆንም ቫይረሱ የበሽታው ምክንያት ለመሆኑ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በ1984 ደግሞ ዶክቶር ደቤኪ ከዶክቶር አንቶኒዮ ጎቶና ከሁለት የምግብና የጠባይ ጥናት ባለሙያዎች ጋር ስለ ልብ ተስማሚ ምግብ ለሕዝብ የሚሆን መጽሐፍ አወጡ፤ መጽሐፉ የእንስሳ ስብንና ኮሌስትሮልን ቀንሱ የሚል ምክር የያዘ ነው። በ1985 አናልስ ኦፍ ሰርጀሪ በተባለው መጽሔት፣ ከ1948 እስከ 1983 ወደ እነርሱ የመጡትን 13,827 ሕመምተኞች መዝገብ መርምረው፣ በሽታው በአንዱ ሰው የልብን፣ በሌላው የአንገትን ወይም የሆድን ደም ሥር እየመረጠ በተለያየ ፍጥነት እንደሚሄድ አሳዩ።

በ1964 ግንኙነት አላገኘንም፣ በ1983 ምናልባት ቫይረስ፣ በ1984 ስብ ቀንሱ ማለት እርስ በርሱ ይጋጫልን? ለእኔ አይጋጭም። አንድ ተመራማሪ አንድን በሽታ በብዙ በር ቢያንኳኳ ሊመሰገን ይገባዋል። በተለይ የ1985ቱ ጽሑፍ የአንድ ትልቅ ቀዶ ሐኪም መዝገብ በትክክል ሊናገር የሚችለውን ይናገራል። በሽታውን በዓይኑ ያየ፣ በእጁ የዳሰሰ ሰው በሽታው የት የት እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚሄድ ቢመሰክር ከእርሱ የሚበልጥ ምስክር የለም። ሂሱ የሚነሣው በምግቡ መጽሐፍ ላይ ነው። ምክሩ በጠቅላላው ደግ ነው፤ ማስረጃው ግን ከሂዩስተን የኦፕራሲዮን ክፍል አልመጣም። ኮሌስትሮልን በመድኃኒት መቀነስ የልብ ሕመምን እንደሚቀንስ በ3,806 ወንዶች ላይ በዕጣ ተፈትኖ የታተመው በዚያው በ1984 ሲሆን፣ ይህም ዕድሜ ልካቸውን በስብና በደም ላይ የሠሩ ሰዎች ድካም ነው። ሕዝቡ መጽሐፉን የገዛው ግን የቀዶ ሐኪሙን ስም አይቶ ለመሆኑ መጠራጠር ያስቸግራል። እጁ ልብን በመጠገን የታወቀ ሰው ስለ ማዕድም ሲናገር በዚያው ክብር ይደመጣል። በዚህ ጊዜ የተሰጠው ምክር እውነት ሆኖ ተገኘ፤ በሌላ ጊዜ እንዲህ ላይሆን ይችላል። የ1964ቱን ጽሑፍ ለተቃራኒው ክርክር የሚጠቅሱትም የሚመረኰዙት በዚህ በስሙ ክብር ላይ ነው።

የዚህ ነገር መጀመሪያ ከዚያም በፊት ይገኛል። ዶክቶር ደቤኪ ከመምህራቸው ከዶክቶር አልተን ኦክስነር ጋር በ1939 ስለ ሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በጻፉት ሐተታ፣ የበሽታው መብዛት ከሲጋራ መስፋፋት ጋር ሳይያያዝ አይቀርም የሚል ጥርጣሬ አስፍረው ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙዎች ሳቁባቸው። ጥርጣሬያቸው እውነት ነበር። ማስረጃቸው ግን ከ1964ቱ ማስረጃ የጠነከረ አልነበረም፤ በዚያም ቢሆን የተቈጠሩት የታመሙት ብቻ ናቸው። ነገሩ የተረጋገጠው በ1950 በእንግሊዝ አገር ዶክቶር ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል፣ በአሜሪካም ዶክቶር ዋይንደርና ዶክቶር ግሬሃም የሳንባ ካንሰር ያለባቸውንና የሌለባቸውን ጎን ለጎን አቁመው ስንት ሲጋራ እንደሚያጨሱ በጠየቁ ጊዜ ነው። እንግዲህ የአንድ ዓይነት አሠራር ውጤት አንድ ጊዜ ወደ እውነት፣ ሌላ ጊዜ ወደ ስሕተት ትርጓሜ መራ። እውነት የሆነው የትኛው እንደሆነ ከጽሑፉ ከራሱ ለማወቅ አይቻልም ነበር፤ ያልታመሙትን የቈጠረ ሌላ ሰው እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ ግድ ነበር።

ዶክቶር ደቤኪ ለዓለም ያበረከቱት አንድ ሌላ ሥራ ከዚህ ጋር መነሣት ይገባዋል። በ1950ዎቹ በመንግሥት በተቋቋመ የሕክምና ጉዳይ ኮሚቴ ውስጥ ሆነው የሠራዊቱ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እንዲሆን ተከራከሩ፤ ሕጉም በ1956 ወጣ። ዛሬ በየትም አገር ያለ ተማሪ የሕክምና ጽሑፍ የሚፈልግበት ማውጫ የሚዘጋጀው በዚህ ቤተ መጻሕፍት ነው። የዶክቶር ደቤኪም ጽሑፎች የሚቈጠሩት በዚያው ማውጫ ነው። ማውጫው ግን ሁሉን እኩል አድርጎ ይይዛል። ስለ አዎርታ የተጻፈው የሃያ ዓመት ክትትልና የ1964ቱ የኮሌስትሮል ጽሑፍ በእርሱ ዘንድ እያንዳንዳቸው አንድ ናቸው። መያዝ የቤተ መጻሕፍቱ፣ መመዘን የአንባቢው ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ሩቅ አገር ሰው የተነገረ ቢሆንም ለእኛ ይበልጥ ያሳስበናል። በሂዩስተን የታመመው ሰው ብዙውን ጊዜ ሆስፒታል ይደርሳል፤ በእኛ አገር ግን ሳይደርስ የሚቀረው ብዙ ነው። በአገራችን ለልብ ኦፕራሲዮን ከሚጠባበቁት መካከል ብዙዎቹ በልጅነታቸው ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ በመጣ ሪውማቲክ ትኩሳት የልባቸው በሮች የተበላሹባቸው ወጣቶች ናቸው። ከመካከላችን አንዱ ወደፊት በአንድ ትልቅ ሆስፒታል መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ስለዚህ ሕመም ቢጽፍ፣ የሚቈጥረው መንገድ ያገኘውን፣ የአውቶቡስ ገንዘብ የነበረውን፣ የሚያመጣው ዘመድ ያለውን ነው። በገጠር ሳይመረመር የሞተው ልጅ በሠንጠረዡ ውስጥ አይገባም። ስለ ምግብ እጥረት የሚደረገውም ጥናት እንዲሁ ነው፤ ጤና ጣቢያ ደርሶ የተመዘነውን ሕፃን ብቻ የሚቈጥር ሰው የረኃቡን ልክ አገኘሁ ሊል አይችልም።

ስለዚህ ለዚህ መጽሔት አዘጋጆችና ለመምህራኖቻችን አንድ ትንሽ አሳብ ይቀርባል። ከሆስፒታልም ሆነ ከትምህርት ቤት ወይም ከቀበሌ መዝገብ ተሰብስቦ በዚህ መጽሔት የሚወጣ ጥናት ሁሉ፣ ስንት ሰው እንደ ተቈጠረ በሚነገርበት መስመር አጠገብ፣ ሳይቈጠሩ የቀሩት እነማን እንደሆኑና ለምን እንደ ቀሩ የሚገልጥ አንድ መስመር እንዲጨመርበት ይሁን። መስመሩን ለመጻፍ ገንዘብም መሣሪያም አያስፈልግም። የ1964ቱ ጽሑፍ እንዲህ ያለ አንድ መስመር በጕልህ ተጽፎበት ቢሆን ኖሮ ያለ ሥራው የጦር መሣሪያ ባልሆነ ነበር።